ድመቷን ተዉአት፣ የጫጩቱን ቤት ሥሩ!



ዛሬ ስለ ጫጩትና ስለ ድመት ነው የምጽፈው። "ይሄ ደግሞ ምን ወሬ ነው?" የሚል አይጠፋም። ግን 12 እንቁላል አስታቅፋ፣ 21 ቀን ጠብቃ፣ 10 ጫጩት ያስፈለፈለች እናት ከወር በኋላ 3 ብቻ ሲቀርላት የጠፋባት ጫጩት ብቻ አይደለም። የልጅ ደብተር ነው፣ ጨውና ዘይት ነው፣ ለገና ወደ ላሊበላ ቅዳሜ ገበያ የሚወጣው ዶሮ ነው።

እንዲህ ሲሆን ተከሳሿ ሁልጊዜ አንድ ናት፦ ድመት። "ድመት ካልጠፋ ዶሮ አይረባም" ይባላል። ከዚያ የአይጥ መርዝ ወይም ማላታይን በሥጋ ቁራጭ ተለውሶ ማታ ደጅ ላይ ይጣላል። እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ምክንያቴንም ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ጥፋቱ ሁሉ የድመት አይደለም። በቀን ከሜዳ ላይ አንስቶ የሚበረው ጭልፊት ነው። ሌሊት ገብቶ እናቲቱን ሳይቀር የሚያርደው ሸለምጥማጥ ነው። ጠዋት ላይ ቁስል የሌለበት የሞተ ጫጩት ካገኛችሁማ ድመትን አትጠይቁ፤ ያ ብርድ ወይም በሽታ ነው። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ከእሷ በላይ ያለው ደጋ ደግሞ ይብሳል። እኛ ጋቢ ደርበን የማንችለውን የሌሊት ብርድ ላባ ያላወጣ ጫጩት በምን ይቻለው? ፈንግል ከገባ ደግሞ የአንድ ሰፈር ዶሮ በሳምንት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። በአገራችን የተሠሩ ጥናቶች በየጓሮው ከሚፈለፈለው ጫጩት ግማሽ ያህሉ 8 ሳምንት ሳይሞላው እንደሚሞት ያሳያሉ። ይህን ሁሉ የበላች ድመት የለችም።

ሁለተኛ፣ መርዝ ሰው አይመርጥም። ለድመት የተጣለውን ውሻ ያነሳዋል፣ ዶሮዋ ራሷ ትለቅመዋለች፣ ዳዴ የሚል ሕፃን እጁን ይሰድበታል። የሞተችውን ድመት ገደል ስትጥሏት ጥንብ አንሳ ይበላታል፣ እሱም ይሞታል። በአፍሪካ ጥንብ አንሳ እየተመናመነ ካለባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ መርዝ ነው። ጥንብ አንሳ ካለቀ የሞተውን ከብት ከሜዳችን ማን ያነሳልናል?

ሦስተኛ፣ ድመቷ ስትሞት የሚደሰተው አይጥ ነው። ጎታችሁ ውስጥ ያለውን ገብስና ስንዴ ማን ሊጠብቅላችሁ ነው? ለ3 ጫጩት ተብሎ የዓመት እህል ለአይጥ ይሰጣል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

"ታዲያ ጫጩቱን ትብላ ነው የምትለን?" ትሉኝ ይሆናል። አላልኩም። ድመት ጫጩት ትበላለች፣ ይሄ እውነት ነው። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ። ብታጠግቧትም ማደኗን አትተውም። አንገቷ ላይ ቃጭል እንሰር የሚሉም አሉ፤ ቃጭል የሚጠቅመው ሰምቶ መብረር ለሚችል ወፍ ነው። የ3 ቀን ጫጩት ሰምቶ ወዴት ይሸሻል? ስለዚህ ድመቷን መለወጥ ካልቻልን መለወጥ ያለበት የጫጩቱ ቤት ነው።

እንዲህ አድርጉ፦

1. ዶሮ ስታስታቅፉ በዚያው ቀን ቤቱን ጀምሩ። 21 ቀን ከበቂ በላይ ነው።

2. ለአንድ እናትና ለጫጩቶቿ 1 ሜትር በ1 ሜትር ይበቃል። እርጥበት እንዳያገኛቸው ከመሬት ከፍ አድርጉት። የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተጠቀሙ፤ ክፍተቱ ከአንድ ጣት አይብለጥ። ንፋስ የሚመጣበትን ጎን በጭቃ ምረጉት፣ ጣሪያውን በደንብ ክደኑት፣ በሩ ከውጭ የሚቀረቀር ይሁን።

3. ወለሉ ላይ ደረቅ ገለባ ጎዝጉዙ፣ ሲረጥብ ቀይሩት።

4. የመጀመሪያዎቹን 4 ሳምንታት ጫጩቶቹን ሜዳ ላይ አትልቀቋቸው። ፀሐይ ሲሞቅ ዙሪያው በታጠረ፣ ላዩም በተሸፈነ ቦታ ከእናታቸው ጋር ይዋሉ። ላዩ ካልተሸፈነ ለጭልፊት ማዕድ ማቅረብ ነው። የተከካ እህልና በዝርግ ዕቃ ንጹሕ ውኃ ስጧቸው።

5. ሌሊት ድመቷ ከጎታው ጋር ቤት ውስጥ ትደር፣ ጫጩቶቹ በየራሳቸው ቤት ይቀርቀሩ። ሁለቱም በየሥራቸው።

6. የፈንግል ክትባት ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል። የቀበሌያችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ፣ ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ በአንድ ቀን አስከትቡ።

አሁን ለአባቶችና ለወንድሞቼ በአክብሮት አንድ ነገር ልበል። ለበሬ ጋጥ ሲሆን ሳምንት ሙሉ እንሠራለን። ለዶሮ ቤት ሲሆን ግን "ነገ"። ለምን? የዶሮ ገንዘብ የሴት ነው ስለሚባል ነው። ግን በዚያ እንቁላል የተገዛውን ጨው የማይበላ ወንድ ማን አለ? ግማሽ ቀን ሥራ ነው። ጭራሮውም ጭቃውም ደጃችሁ ነው። ዛሬ ያልተሠራውን የዶሮ ቤት ነገ ድመት ላይ ማላከክ አይገባም።

ለእኛ ለባለሙያዎችም አለኝ። የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ስለ ዶሮ ብዙ እየተወራ ነው፣ ደስ ይላል። ግን ሪፖርት ላይ የሚቆጠረው የተሰራጨ ጫጩት ብቻ ከሆነ፣ ከ2 ወር በኋላ የቆመውን የሚቆጥር ከሌለ፣ ሥራው ወረቀት ላይ ቀረ ማለት ነው። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ቤቱ ይታይ፣ ከዚያ ጫጩቱ ይሰጥ። ቤት ለሌለው ጫጩት ማደል የሰፈሩን ድመትና ሸለምጥማጥ መቀለብ ነው።

ስለዚህ ከሹምሽሃም ሆናችሁ ከብልባላ፣ መርዝ የገዛችሁ ካላችሁ ድመት ላይ እንዳታውሉት። ልጅ የማይደርስበት ቦታ ቆልፉበትና ባለሙያ አማክሩ። መጥረቢያውን አንሱ፣ ጭራሮ ቁረጡ። ስልክ ለሌለው ጎረቤትም ይህን አንብቡለት።

መልካም የእርባታ ጊዜ ይሁንላችሁ።