ጥላሸቱን ማን ቀባው?

ቶሪኖ ደርሶ የተመለሰ ጓደኛችን ሁሉ ወሬው አንድ ነው። ሞሌ አንቶኔሊያና የሚባለው 167 ሜትር ሕንፃ፣ በመሀሉ ሽቅብ የሚወጣው ባለመስታወት አሳንሰር፣ ጋደም ተብሎ ፊልም የሚታይበት ቀይ ወንበር። እሺ፣ ይሁን። የኢጣልያ ብሔራዊ የሲኒማ ሙዚየም ከ2000 ጀምሮ እዚያ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ ነው)፤ ቢደነቅም አይፈረድም። እኔን የሚያናድደኝ ግን ሞሎክ ፊት ፎቶ ተነሥቶ፣ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ መውጣት ነው።

ሞሎክ ሕፃናት የሚበላ ጣዖት ነው። የመጣውም ጆቫኒ ፓስትሮኔ በ1914 ከሠራው «ካቢሪያ» ከተሰኘው የቶሪኖ ፊልም ነው። ታሪኩ ሮምና ካርቴጅ ሲዋጉ ነው፤ ልጅ የሚያቃጥለው አፍሪካዊው፣ ልጅ የሚያድነው ሮማዊው። ኢጣልያ ያን ጊዜ ሊቢያን ከወረረች ሦስት፣ አድዋ ላይ ከተመታች 18 ዓመቷ ነበር። ሮም አፍሪካን ስታሸንፍ ማየት ለምን እንደጣፈጣቸው ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም።

ማቺስቴስ? ጉልበተኛው ጥቁር ባሪያ፣ ለጌታው ታማኝ። የተጫወተው ባርቶሎሜዮ ፓጋኖ የሚባል የጄኖቫ ወደብ ኩሊ ነበር፤ ነጩን ሰውዬ አጥቁረው አቀረቡት። ሕዝቡ ሲወደው ጊዜ በቀጣዮቹ ፊልሞች ማቺስቴ ነጭ ሆኖ ቁጭ አለ! ባርነቱም አብሮ ታጠበ። በኛ ቋንቋ ጥላሸት መቀባት ስም ማጥፋት ነው፤ እዚያ ለካ የተዋናይ ማስዋቢያ ኖሯል።

«ጥበቡን እንይ፣ ፖለቲካውን ተዉት» የሚሉን አሉ። ፓስትሮኔ ካሜራን በተሽከርካሪ ላይ የማንቀሳቀስ ዘዴውን በ1912 በስሙ አስመዝግቧል። ታላቅ ሥራ ነው፣ ማን ካደ? ግን ያ ካሜራ እየተጠጋ ያሳየን የማንን አፍሪካ ነው? ጥበቡን ከተሸከመው ጉድ የምትለዩበት ቢላዋ ካላችሁ እስቲ አውሱን።

ደግሞስ ነገሩ መቼ በተረት ቆመ! በ1924 የተመሠረተው፣ የፋሽስቱ መንግሥት አፍ የነበረው የፊልም ድርጅት ሉቼ፣ በ1935 ከወራሪው ጦር ጋር ካሜራውን ወደ አገራችን አዘመተ። መንገድ ሲጠረግ፣ ባንዲራ ሲሰቀል አሳየ፤ የመርዙን ጋዝ ግን ለሕዝቡ አላሳየም። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር በጋዝ መጠቀማቸውን ያመነው በ1996 ነው። ስልሳ ዓመት!

የአድዋን ጦርነት የቀረጸ የፊልም ካሜራ አልነበረም፤ ሲኒማ ራሱ ፓሪስ ውስጥ ለሕዝብ ከታየ ገና ሁለት ወሩ ነበር። ኃይሌ ገሪማ በ1999 «አድዋ»ን ሲሠራ ከሥዕል፣ ከዘፈንና ከሽማግሌ አፍ ለቃቅሞ ነው። ወራሪው በመጋዘን የሞላ ፊልም አለው፣ እኛ ቅኔና ሥዕል። ይህን የማያውቅ ጎብኚ ቶሪኖ ሄደ አልሄደ ምን ለየው?

ከመካከላችን ቀጥሎ የሚሄደው ማንም ይሁን፣ ስለ ፓጋኖ ቆዳ እዚያ የተጻፈ ነገር ካገኘ ቃል በቃል ገልብጦ ያምጣልን። ካላገኘም አስጎብኚውን ጠይቆ መልሱን ይያዝ። ኢጣልያንኛ የሚችል አናጣም፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።