ካርታውን የሚሠራው ተማሪ ደመወዝ ይገባዋል

በሰሜን ቨርጂኒያ የካርታና የመልክዓ ምድር መረጃ ሥራ የብዙ ሺህ ሰዎች እንጀራ ነው። ብሔራዊ የጂኦስፓሻል ኢንተለጀንስ ኤጀንሲ ዋና መሥሪያ ቤቱን በ2011 በስፕሪንግፊልድ ከፍቷል፤ ከመንግሥት ጋር ኮንትራት ያላቸው ኩባንያዎችም በአካባቢው ይገኛሉ። ጂአይኤስ በመባል የሚታወቀው የጂኦግራፊያዊ መረጃ ሥርዓት ትምህርትም በዚያው አካባቢ፣ በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲና በኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይሰጣል። ትምህርቱና ሥራው እንዲህ ጎረቤት ሆነው ሳለ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ግን ለሁሉም ተማሪ እኩል አልተፈቀደም። መሻገሪያው የሥራ ልምምድ ነው። ልምምዱ ያለ ክፍያ ሲሆን የሚሻገረው፣ ያለ ደመወዝ ወራት ሊቆይ የሚችል ብቻ ይሆናል።

ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

በሳምንት 20 ሰዓት ለ15 ሳምንት የሚለማመድ ተማሪ 300 ሰዓት ይሠራል። ይህ በ2025 የቨርጂኒያ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ፣ በ12.41 ዶላር ሲሰላ፣ 3,723 ዶላር ነው። ልምምዱ የትምህርት ክሬዲት የሚያስገኝ ከሆነ ደግሞ ተማሪው ለክሬዲቱ የኮሌጅ ክፍያ ይከፍላል። እንግዲህ ተማሪው ሁለት ጊዜ ይከስራል ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ ያልተከፈለውን ደመወዝ፣ ሌላ ጊዜ ለመሥራት የከፈለውን ገንዘብ።

በአሌክሳንድሪያም ሆነ በስፕሪንግፊልድ በሚኖሩ የኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድ የዚህ ስሌት ትርጉም ግልጽ ነው። ቀን ተምሮ ማታ በፓርኪንግ ወይም በነዳጅ ማደያ የሚሠራ፣ ከሚያገኘውም ላይ የቤት ኪራይ የሚያዋጣ ተማሪ 300 ሰዓቱን በነጻ ሊሰጥ አይችልም። ችሎታ አንሶት ሳይሆን ጊዜውን መሸጥ ግዴታው ስለሆነበት ነው።

በስፕሪንግፊልድ ያለው ታላቁ ኤጀንሲ ለተማሪ ተለማማጆቹ ደመወዝ ይከፍላል፤ የሚቀጥረው ግን የአሜሪካ ዜግነት ያላቸውንና የደኅንነት ማጣሪያ የሚያልፉትን ብቻ ነው። በዲቪ የመጣ ተማሪ ለዜግነት ለማመልከት በመደበኛው ሕግ 5 ዓመት ይጠብቃል፤ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርቱን የሚጨርሰው ከዚያ በፊት ነው። ለእርሱ የሚቀሩት የአካባቢ አስተዳደር ቢሮዎች፣ በጎ አድራጎት ድርጅቶችና ትናንሽ ኩባንያዎች ናቸው። የክፍያው ጥያቄ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገውም እዚያ ላይ ነው።

ሕጉ የከፈተው ቀዳዳ

የፌዴራል የሥራ ሚኒስቴር በጥር 2018 ባወጣው መመሪያ፣ ትርፍ ለማግኘት በተቋቋመ ድርጅት የሚለማመድ ተማሪ ሠራተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለው በሰባት መመዘኛዎች ይታያል። ከእነዚህ አንዱ ልምምዱ ከትምህርት ክሬዲት ጋር መያያዙ ነው። በዚህም የተነሳ ተማሪው ገንዘብ ከፍሎ ያገኘው ክሬዲት ራሱ፣ ደመወዝ ላለመክፈል መከራከሪያ ሊሆን ይችላል። የቨርጂኒያ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግም በእውነተኛ የትምህርት መርሐ ግብር የሚሳተፉ ተማሪዎችን ከሠራተኛ ትርጉም ውጭ ያደርጋል። ተማሪን ለመጠበቅ የታሰበ የሚመስለው ሐረግ፣ በተግባር ጉልበቱን ያለ ዋጋ ያስቀራል።

ለመቃወሚያዎቹ መልስ

«ተማሪው እየተማረ ነው፤ ትምህርቱ ክፍያው ነው» ይባላል። የጂአይኤስ ተለማማጅ ግን ጥግ ላይ ተቀምጦ ተመልካች አይደለም። የቤት አድራሻ ነጥቦችን ያስተካክላል፤ የቆዩ የወረቀት ካርታዎችን ወደ ዲጂታል ይለውጣል፤ የእግረኛ መንገዶችን በጂፒኤስ ይመዘግባል። ወደ 911 ሲደወል አምቡላንስ የሚላክበትን ቦታ ለማወቅ የሚያገለግለው እንዲህ ያለው የአድራሻ መረጃ ነው። ሥራው ለሕዝብ የሚጠቅም ከሆነ ለሠራተኛው የማይከፈልበት ምክንያት የለም። የጀማሪ ሠራተኛ ሁሉ እየተማረ ይሠራል፤ ማንም ግን በዚህ ሰበብ ደመወዙን አይነጠቅም።

ደመወዝና ትምህርት አብረው አይሄዱም የሚለውም ታሪክ የሚያፈርሰው ነው። ኸርማን ሽናይደር በ1906 በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው፣ ኮ-ኦፕ በመባል የሚታወቀው ሥርዓት፣ ተማሪዎች ክፍልንና ፋብሪካን እያፈራረቁ ለሥራቸው እየተከፈላቸው የሚማሩበት ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ዋይት ሐውስ ራሱ በ2022 መጸው ለተለማማጆቹ መክፈል ጀምሮ ነበር።

«ትናንሽ ድርጅቶች አቅም የላቸውም» የሚለው መከራከሪያ ከሁሉ የተሻለ ክብደት አለው። ይሁን እንጂ መልሱ ሸክሙን ከድርጅቱ አንስቶ በተማሪው ላይ መጫን ሊሆን አይገባም። ቨርጂኒያ ለትናንሽ ቀጣሪዎች የተለማማጅ ደመወዝ የምትጋራበት፣ ታለንት ፕላስ ኦፖርቹኒቲ ፓርትነርሺፕ የተባለ መርሐ ግብር አላት። የፌዴራል ወርክ ስተዲ ገንዘብም ከኮሌጅ ውጭ ባሉ የሕዝብና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ለሚሠራ ተማሪ እስከ 75 በመቶ ደመወዙን ሊሸፍን ይችላል፤ ግሪን ካርድ ያለው ተማሪም ሊጠቀምበት ይፈቀድለታል። መንገዱ ስላለ ጥያቄው የፈቃደኝነት ነው።

ምን መደረግ አለበት?

አንደኛ፣ የቨርጂኒያ ጠቅላላ ምክር ቤት በዝቅተኛ ደመወዝ ሕጉ የተቀመጠውን የተማሪ ልዩ ሁኔታ ያጥብብ፤ ለቀጣሪው ጥቅም ላይ የሚውል ሥራ የሚሠራ ተለማማጅ ከሕጉ ጥበቃ እንዳይወጣ በግልጽ ይደንግግ።

ሁለተኛ፣ ካውንቲዎችና የከተማ አስተዳደሮች ራሳቸው ለሚያሠሯቸው ተለማማጆች ይክፈሉ፤ የካርታና የመረጃ ኮንትራት ሲሰጡም ተቋራጩ ለተለማማጆቹ እንዲከፍል በውሉ ያስገቡ።

ሦስተኛ፣ ኮሌጆች ከወርክ ስተዲ ድርሻቸው የተወሰነውን ለጂአይኤስ ልምምድ ይመድቡ፤ ክሬዲት የሚሰጡባቸው ልምምዶች ስንቱ እንደሚከፈልባቸውም በየዓመቱ ለሕዝብ ይፋ ያድርጉ።

የምክር ቤት አባላት ረዳቶች እነዚህን ሦስት ነጥቦች ለቀጣዩ የሕግ ማውጫ ዘመን በረቂቅ መልክ ሊያዘጋጇቸው ይችላሉ። አራማጆች ደግሞ በየካውንቲው የበጀት ስብሰባ አንድ ጥያቄ ብቻ ደጋግመው ያንሱ፤ ይህን ካርታ የሠራው ተማሪ ስንት ተከፈለው? መልሱ «ምንም» ከሆነ፣ ያ ካውንቲ ካርታውን ያሠራው በተማሪው ኪሳራ ነው።