«ተፈጥሯዊ ነው፤ ምንም አይጎዳም»

ፉሪ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ከለቡ የመጣው ታክሲ ሲያራግፈን፣ ከድንቹና ከሽንኩርቱ መደዳ ጎን አንድ የተዘረጋ ላስቲክ አይጠፋም። በላዩ ላይ ጥቁር አዝሙድ፣ ፌጦ፣ የሽፈራው ቅጠል ዱቄት፣ በውሃ ጠርሙስ የተሞላ ቡናማ ፈሳሽ ተደርድሯል። ካርቶን ላይ «ለስኳር፣ ለግፊት፣ ለጨጓራ፣ ለኩላሊት፣ ለሪህ» የሚል ተጽፏል። ሻጩ ዘንድሮ ቲክቶክም አለው። ድሮ ላስቲኩ የሚደርሰው ታክሲ ለሚጠብቀው ሰው ብቻ ነበር፤ አሁን ጅዳም ዋሽንግተንም ይደርሳል።

ይህን የምጽፈው ሻጩን ለመክሰስ አይደለም። መጀመሪያ ራሴን ልክሰስ።

ባለፈው ዓመት በእድራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ቪዲዮ ለጠፍኩ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰውዬ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ዝንጅብል አፍልቶ በባዶ ሆዱ ለ40 ቀን የጠጣ ሰው የግፊት ኪኒን ለዘላለም ይሰናበታል ይላል። እኔ ግፊት የለብኝም። ቪዲዮውንም እስከ መጨረሻው አላየሁትም። «ይጠቅማል፣ ሞክሩት» ብዬ ላክሁ። ሃያ ምናምን ሰው «እግዚአብሔር ይስጥልን» አለኝ፤ ደስ አለኝ።

ከእኛ ሁለት በር አለፍ ብለው የሚኖሩት፣ ሠፈሩ ሁሉ «እማማ» የሚላቸው እናት ግን የምራቸውን ሞከሩት። ለዓመታት ሲውጡት የኖሩትን ኪኒን ተዉት። ለሳምንታት ደህና ነበሩ፤ «እንዲያውም ቀለል ብሎኛል» ይሉን ነበር። አንድ ጠዋት ጀበናቸውን ሊያነሱ ሲሉ ቀኝ እጃቸው እምቢ አለ። ስትሮክ ነው ተባለ። ሕይወታቸው ተርፏል፤ እንጀራ ግን ከእንግዲህ አይጋግሩም። ሐኪሟ «ኪኒኑን ባያቋርጡም ሊመጣ ይችል ነበር፤ ማቋረጣቸው ግን በሩን ወለል አድርጎ ከፈተለት» አለችን። ልጃቸው ቪዲዮው ከየት እንደመጣ ያውቃል። አንድም ቀን አላነሳብኝም።

እማማ «ቀለል ብሎኛል» ሲሉ አልዋሹም፤ ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚያስተው። የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ግፊቱ 180 ደርሶ እንኳ ሰው ቡናውን ይጠጣል፣ ይስቃል፣ ለቅሶ ይደርሳል። ኪኒኑ ግን ይሰማል፤ አንዱ እግር ያሳብጣል፣ ሌላው ሽንት ቤት ያመላልሳል። ኪኒኑን ሲያቆሙት እብጠቱ ይጎድላል፣ ምልልሱ ይቀራል። ሰውየው ያንኑ ሳምንት ነጭ ሽንኩርት ጀምሮ ከሆነ «አዳነኝ» ይላል። በውስጥ ግን ግፊቱ ሥራውን እየሠራ ነው።

ምስክርነት የሚያታልለው በዚህ ብቻ አይደለም። ጉንፋን መድኃኒት ወሰዱም አልወሰዱም በሳምንት ገደማ ይለቃል። የወገብና የጉልበት ሕመም ይነሳል፣ ይበርዳል፤ ሰው መድኃኒት የሚፈልገው ሕመሙ በባሰበት ቀን ስለሆነ፣ ቀጥሎ የሚመጣው መሻል በእጁ ለተገኘው ሥር ይቆጠርለታል። ብዙዎች ደግሞ የሐኪሙንም የአዋቂውንም አብረው ይወስዱና ምስጋናው ለአዋቂው ይሄዳል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ያልዳነው ሰው ካሜራ ፊት አይቀርብም። ሟች አይመሰክርም።

ይህ የድሃ ሠፈር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጂም የሚሠራው፣ መኪና የሚነዳው ወገናችንም «ዲቶክስ» የሚባል አረንጓዴ ጠርሙስ በውድ ይገዛል፣ አቼቶ በባዶ ሆዱ ይጠጣል። የትኛውን መርዝ ከሰውነቱ እንደሚያወጣ ብትጠይቁት ስሙን አይነግራችሁም። ጉበትና ኩላሊት ይህን ሥራ ቀን ከሌት በነፃ ይሠራሉ። እነሱ ሥራ ካቆሙ ደግሞ ሰውየው የሚያስፈልገው ሆስፒታል እንጂ ጭማቂ አይደለም።

«ታዲያ የአባቶቻችንን መድኃኒት ልትንቅ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አልንቅም። እኔም ምች ሲመታኝ ዳማ ከሴ ታሽቶልኝ ነው ያደግሁት። ይህች ከተማ ራሷ የተቆረቆረችው ፍልውሃ አጠገብ ነው፤ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. እዚያ ቤት ያሠሩት ፍልውሃውን ወድደው ነው። ግን ተፈጥሯዊ ማለት የማይጎዳ ማለት እንዳልሆነ አባቶቻችን ከእኛ የተሻለ ያውቁ ነበር። ኮሶ ትል ያስወጣል፤ መጠኑ ሲያልፍ ሰው ይጥላል። ስለዚህ ነው በልክ፣ በጥንቃቄ የሚጠጣው።

ቅጠልን ማክበር ማለት መፈተን ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። «እንዶድ ቢልሃርዝያን ያድናል» ብለው ገበያ አልወጡም። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንዶዱ በእርግጥ እንደሚገድል፣ በምን መጠን፣ ሌላውን ምን እንደሚያደርግ ሲመረምሩ ዓመታት ፈጁ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ ለወባ የምንወስደው ኮአርተምም መነሻው የቻይና ባህላዊ ቅጠል ነው፤ ተመራማሪዋ ቱ ዩዩ በ2015 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመውበታል። ፈተናውን ያለፈ ቅጠል መድኃኒት ይሆናል። ያላለፈው ተስፋ ነው፤ በተስፋ ብቻ ደግሞ ግፊት አይወርድም።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ላይ ኮሮና ሲገባ ምን እንደሆነ እናስታውሳለን። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ በአንድ ጀምበር ሰማይ ወጡ። በዚያው ወር የመንግሥት ኃላፊዎች ሳይቀሩ ከአገር በቀል ዕውቀት የተገኘ መድኃኒት የመጀመሪያውን የምርምር ደረጃ አለፈ ብለው አበሰሩ። ገና በሰው ላይ አልተሞከረም ነበር። እኛ ግን «ተገኘ» የሚለውን ብቻ ሰማን። ከዚያ በኋላ የተፈቀደ የኮሮና መድኃኒት ከእሱ ሲወጣ አላየንም።

መልካም ምሳሌም አለን። ነፃ የኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ጠበል ገብቻለሁ ብሎ መድኃኒቱን የተወ ሰው በእንጦጦ ብዙ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መከሩ። እምነቱ አልተነካም፤ ኪኒኑም አልተጣለም። ከአንድ የሃይማኖት አባት የወጣች እንዲህ ያለች ቃል ከስንት ፖስተር ትበልጣለች።

ደግሞ እውነቱን እናውራ፤ ሰው ወደ ላስቲኩ የሚሄደው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ጤና ጣቢያ ግማሽ ቀን ተሰልፎ ሁለት ደቂቃ ይታያል። «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ» ይባላል። ኪኒኑ ዕድሜ ልክ እንደሚወሰድ የሚያስረዳው የለም። ባለላስቲኩ ግን ቁጭ አድርጎ ያዳምጠዋል፤ «አይዞህ፣ ትድናለህ» ይለዋል። ሐኪሞቻችን ከእሱ የሚማሩት ነገር ካለ ይቺን ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒት ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት ደኅንነቱ፣ ፈዋሽነቱና ጥራቱ ተረጋግጦ መመዝገብ እንዳለበት ይደነግጋል። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ዓይኑን ከፋርማሲው መደርደሪያ አልፎ ወደ ስልካችን መስኮትም ቢያዞር መልካም ነው።

እስከዚያው እኔ አራት ጥያቄ ለራሴ አውጥቻለሁ። መካሪው ራሱ ሻጭ ነው ወይ? አንዱ ጠርሙስ አሥር በሽታ ያድናል ይላል ወይ? የያዝከውን መድኃኒት ተው ይላል ወይ? ባይሠራ እሱ ምን ያጣል? ሦስተኛው ላይ «አዎ» ከሆነ የቀሩትን መጠየቅም አያስፈልግም። ቅጠሉን የሚጠጣም ቢሆን ለሐኪሙ ይንገር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ የሚጠጣውን የደበቀም እንዲሁ ነው።

ባለፈው ሳምንት ያንኑ የእድር ግሩፕ ከፍቼ «አምና የላክሁት ቪዲዮ ስህተት ነው፤ ማንም ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ኪኒኑን እንዳያቆም፤ ይቅርታ» ብዬ ጻፍሁ። ያኔ ሃያ ምናምን ሰው ነበር የመረቀኝ። አሁን የመለሰልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የእማማ ልጅ። «ዘግይቶም ቢሆን ጥሩ ነው። ለሌላውም ላከው» አለኝ።

ይኸው ልኬዋለሁ።