ልጆቻችን በተለጠፈባቸው ስም አይመዘኑ!

የሰላማዊ ትግላችን መነሻ ትምህርት ቤት ነው። በ2004 ከአወሊያ ግቢ የተሰማው ድምጽ የተማሪ ድምጽ ነበር። ስለዚህ ልጆቻችን ክፍል ውስጥ የሚገጥማቸው ነገር ለህዝበ ሙስሊሙ የጎን ጉዳይ ሊሆን አይችልም። ዛሬ የምናነሳው በደል ግን እንደ ሂጃብ ክልከላ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ አይደለም። ፊርማም ማህተምም የለውም። በአንደበት የሚፈጸም ነው፤ ስም ማውጣት!

አንዲት ተማሪ ሂጃቧን ስላጠበቀች፣ አንድ ተማሪ በእረፍት ሰአት ስለሰገደ «አክራሪ» ይባላሉ። ከዚያ በኋላ የሚያደርጉት ሁሉ በዚያ ስም ይተረጎማል። ቢጠይቁ «ሊያውኩ ነው»፣ ዝም ቢሉ «የሚደብቁት አለ»፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ቢቆሙ «እየተደራጁ ነው»። እጅ ሲያወጡ የሚያያቸው ከሌለ፣ ቀስ በቀስ እጅ ማውጣቱን ይተዉታል።

የመምህር ግምት ውጤት እንደሚቀይር በጥናት ታይቷል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሮዘንታልና ጃኮብሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ለሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት መምህራን ከተማሪዎቹ አንድ አምስተኛ የሚሆኑት በቅርቡ እንደሚጎብዙ ነገሯቸው። ስሞቹ የተመረጡት ግን በእጣ ነበር። ከአመት በኋላ በተለይ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል የነበሩት «ይጎብዛሉ» የተባሉ ልጆች ከሌሎቹ በልጠው ተገኙ። መልካም ግምት ልጅን ከፍ ካደረገ፣ ክፉ ግምት ምን እንደሚያደርግ ማሰብ አያዳግትም።

የተገፋ ልጅ ደግሞ ብቻውን አይቆይም። ቀለሜዎቹ ከፊት ወንበር፣ ፎራፊዎቹ ከአጥር ጥግ የየራሳቸው ወገን አላቸው። በትምህርቱ ክብር ያጣ ልጅ ክብር የሚሰጠውን ወገን ይፈልጋል፤ ክፍለ ጊዜ መዝለልና መምህር ላይ መመለስ ጀግንነት ወደሚሆንበት ጥግ ይሄዳል። ያን ጊዜ መምህሩ «ብዬ ነበር» ይላል። ስሙ በራሱ ጊዜ እውነት ሆነ ማለት ነው። መሰባሰቡ ግን በራሱ ጥፋት አይደለም። አብረው የሚሰግዱ ልጆች አብረው ካጠኑ ያው ወገን ደጋፊያቸው ይሆናል።

መምህራንን በጅምላ መፈረጅ የምንቃወመውን መድገም ነው። በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ለሁሉም እኩል የሚደክሙ ብዙ ናቸው፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን የህገ መንግስቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖትና ከፖለቲካ ተጽእኖ ነጻ ይሁን ሲል፣ ግዴታው በተማሪዋ ሂጃብ ላይ የሚያበቃ አይደለም። የመምህሩንም አንደበት ያስራል።

ስለዚህ ከጁሙዓ ወደ ጁሙዓ ከማዘን ያለፈ ስራ አለብን። በወላጅ መምህር ህብረት ስብሰባ ላይ እንገኝ። ልጃችን «ችግር አለበት» ከተባለ የሰራው ጥፋት በግልጽ ይነገረን እንበል፤ ስም ማስረጃ አይደለም! ማታ ስለ ውጤታቸው ስንጠይቃቸው በምን ስም እንደተጠሩም እንጠይቃቸው። በየመስጂዱ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ወንድሞችና እህቶች ለታናናሾቻቸው የማጠናከሪያ ትምህርት ይስጡ። በየቤቱና በየመድረሳውም «ደንቆሮ»፣ «ዱርዬ» የሚሉ ስሞች ይቁሙ። ሱረቱል ሑጁራት በመጥፎ ስም መጠራራትን የከለከለው ሁላችንንም ነው።

ልጆቻችን የሚመዘኑት በስራቸው ብቻ እስኪሆን ድረስ በሰላማዊ መንገድ መጠየቃችንን አናቆምም፤ ኢንሻአላህ!

አላሁ አክበር!