ከፊደል ምርጫ ወደ ራስ አንደበት፦ የሥራ ማመልከቻ ክፍት ጥያቄዎች በጉና አካባቢ ለሚገኙ ሥራ ፈላጊዎች

የትምህርት ማስረጃን አያይዞ ፎርም መሙላት ብቻውን ለብዙ የሥራ መደቦች በቂ መሆኑ እየቀረ ነው። በበይነ መረብ ማመልከቻ የሚቀበሉ ቀጣሪዎችና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች «ለዚህ ሥራ ብቁ የሚያደርግዎትን ያብራሩ»፣ «ያጋጠመዎትን ችግር እንዴት እንደፈቱ ይግለጹ» የሚሉ ክፍት ጥያቄዎችን ያቀርባሉ። ቃለ መጠይቅ የሚጠራው አመልካች በአብዛኛው የሚለየውም በእነዚህ መልሶች ነው።

ጥያቄዎቹ ለአዲስ ተመራቂዎች የሚከብዱበት ምክንያት አለ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ሆነ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና በፊደል ምርጫ የሚመለስ ነው። በ2004 ዓ.ም. መማር ማስተማር ከጀመረው ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የሚወጣ ተመራቂም፣ እንደ ሌሎች አቻዎቹ፣ ትክክለኛውን መልስ መምረጥን ለምዷል፤ ስለ ራሱ ሥራ መጻፍን ግን እምብዛም አልተለማመደም።

ሁለተኛው ምክንያት ባህላዊ ነው። ራስን ማሞገስ ነውር በሚባልበት ማኅበረሰብ ያደገ ወጣት «እኔ ሠራሁ» ለማለት ያፍራል። ከዚህም በላይ «ዜሮ ዓመት» የሚለውን የማስታወቂያ ቃል «ምንም አልሠራሁም» ብሎ ይተረጉመዋል። በጉና ግርጌ ገብስና ድንች በሚመረትባቸው ቀበሌዎች ግን የቤተሰብን ምርት መሸጥ፣ የዕቁብ ሂሳብ መያዝ፣ የደቦ ሥራ ማስተባበር የተለመደ ኃላፊነት ነው። ይህ በልምድ ደብዳቤ አይረጋገጥም፤ በክፍት ጥያቄ ግን ሊገለጽ ይችላል።

ጥሩ መልስ ሦስት ነገሮችን ይይዛል፦ የነበረውን ሁኔታ፣ አመልካቹ የወሰደውን እርምጃና የተገኘውን ውጤት። ለምሳሌ ለሂሳብ ሠራተኛነት የሚያመለክት ተመራቂ «ታታሪና ታማኝ ነኝ» ቢል ገምጋሚው የሚመዝነው ነገር አያገኝም። «የቤተሰቤን የድንች ሽያጭ በመዝገብ እይዝ ነበር፤ በዱቤ የወሰዱትን ደንበኞች ለይቼ በየሳምንቱ ስለምከታተል ዕዳው ሙሉ በሙሉ ተሰብስቧል» ቢል ግን፣ እውነት እስከሆነ ድረስ፣ ችሎታው በተግባር ይታያል።

በጽሕፈት አገልግሎት መስጫ ቤቶች ከተዘጋጀ ናሙና የሚገለበጥ መልስ በአንጻሩ አመልካቹን ይጎዳል። ተመሳሳይ ጽሑፍ በብዙ ማመልከቻዎች ላይ ሲገኝ ገምጋሚው ማንንም መለየት አይችልም። የተጋነነ መልስም በቃለ መጠይቅ ዝርዝሩ ሲጠየቅ ይጋለጣል።

የማይጻፈውን ማወቅም ተገቢ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖትና በፖለቲካ አመለካከት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ስለዚህ «ራስዎን ያስተዋውቁ» ለሚል ጥያቄ እነዚህን መግለጽ አስፈላጊ አይደለም፤ ትምህርትን፣ ክህሎትንና ከሥራ መደቡ ጋር የሚገናኝ ተሞክሮን ማስቀደም ይበቃል።

አመልካቾች መልሳቸውን አስቀድመው በወረቀት ቢያረቁ፣ የማስታወቂያውን ተፈላጊ ችሎታዎች አንድ በአንድ ቢያመሳክሩ፣ ሌላ ሰው ቢያስነብቡና የላኩትን ቅጂ ቢያስቀምጡ ለቃለ መጠይቁም ይጠቅማቸዋል። ቀጣሪዎችም የመመዘኛ ነጥባቸውን በማስታወቂያው ላይ ቢገልጹ፣ ከደብረ ታቦርም ሆነ ከአዲስ አበባ የሚያመለክት ወጣት የሚመዘነው ለፎርሙ ባለው ቅርበት ሳይሆን ለሥራው ባለው ብቃት ይሆናል።