የእርሻ ባለሙያ በክረምት ለምን ከማሳ ይርቃል?

«ኤክስቴንሽን» የሚባለው ቃል በአገራችን ሁለት ዐይነት ትርጉም ይዞ ይኖራል። በከተማ «ኤክስቴንሽን እማራለሁ» የሚል ሰው ከሥራ በኋላ ማታ ማታ፣ በራሱ ገንዘብ፣ ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ ለማግኘት የሚማር ነው። በገጠር ግን ኤክስቴንሽን ማለት የልማት ሠራተኛው ገበሬው ማሳ ድረስ ሄዶ የሚሰጠው ምክር ነው። የሁለቱም ምንጭ አንድ ሲሆን፣ ይኸውም የዩኒቨርሲቲ ዕውቀት ከግቢው አጥር ወጥቶ መደበኛ ተማሪ ላልሆነው ሕዝብ ይድረስ የሚለው ሐሳብ ነው። የሚያሳዝነው ግን ዛሬ የፊተኛው ኤክስቴንሽን ለኋለኛው እንቅፋት ሆኖ መገኘቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የልማት ሠራተኛ ሥራውን ሳይለቅ ትምህርቱን ለማሻሻል ሲፈልግ በብዛት የሚከፈትለት በር የክረምት ትምህርት ነው። ይህ የጊዜ አመዳደብ ለመምህራን እጅግ የተስማማ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉና። ለእርሻ ሰው ግን ሐምሌና ነሐሴ ምን ዐይነት ወራት እንደ ሆኑ መናገር አያስፈልግም። በደጋና በወይና ደጋው አገር ጤፉ የሚዘራው፣ ስንዴው የሚታረመው፣ ማዳበሪያው የሚጨመረው፣ በሽታና ተባይ በየማሳው እየተዞረ የሚታየው በእነዚሁ ወራት ነው። እንግዲህ ባለሙያው እጅግ በሚፈለግበት ሳምንት ከቀበሌው ርቆ፣ በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ተቀምጦ፣ ስለ ሰብል ጥበቃ ማስታወሻ ይጽፋል ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ሠራተኛውን አልወቅሰውም። ደመወዙና ደረጃው ከፍ የሚልለት ዲግሪ ሲይዝ መሆኑን ካወቀ፣ ዲግሪው ወደሚገኝበት ቢሄድ ምን ያስደንቃል?

ጥያቄው ለሥራው በእርግጥ የጎደለው ዲግሪ ነውን የሚለው ነው። የእርሻ ዕውቀት ቶሎ የሚያረጅ ዕውቀት ነው። ለዚህም የስንዴን ነገር ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ተነሥቶ በሰፊው ይዘራ የነበረውን «ኩብሳ» የተባለ ዝርያ ክፉኛ ጎዳው። ከዚያ ወዲህ ቢጫውን ዋግ ይቋቋማል የተባለው «ዲገሉ» በየቦታው ተስፋፋ። ሆኖም በ2013 እና በ2014 ሌላ የግንድ ዋግ መጥቶ በባሌና በአርሲ ይህንኑ ዲገሉን መታው። በ2011 ተመርቆ «ዲገሉን ዝሩ» እያለ ሲመክር የነበረ ባለሙያ የተማረው ትምህርት ሦስት ዓመት ሳይሞላው ምክሩ ተበላሸበት ማለት ነው፤ ጥፋቱም የእርሱ አልነበረም። የአሜሪካ መጤ ተምችም ወደ አገራችን የገባው በ2017 ነው። ከዚያ በፊት የተመረቀው ሰው ይህን ትል፣ ከበቆሎው አናት ቅጠሎች መካከል ተሸሽጎ ሲበላ፣ መድኃኒቱም በጠራራ ፀሐይ ሳይሆን ማለዳ ወይም ሲመሽ መረጨት እንዳለበት፣ በክፍል ውስጥ ሊማር አይችልም ነበር። እንዲህ ያለውን ዕውቀት ለመቅሰም የዐራት ዓመት ትምህርት አያሻም፤ በደንብ የተዘጋጀ የሦስት ሳምንት ትምህርት ይበቃል።

ይህ አሠራር አዲስ ፈጠራ አይደለም። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በ1885 ለገበሬ ልጆች አጭር የእርሻ ኮርስ አቋቋመ። ትምህርቱ የሚሰጠው በረዶ ምድሩን በሸፈነበትና የእርሻ ሥራ በቀዘቀዘበት ወቅት ሲሆን፣ ዲግሪ አያስገኝም ነበር። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ባብኮክ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ በ1890 የወተትን ቅባት የሚለካበት ቀላል ዘዴ አወጣ። ከዚያ በፊት ወተት የሚገዛው በሚዛን ብቻ ስለ ነበረ፣ ውሃ የቀላቀለ ሻጭ ካልቀላቀለው ይልቅ ይጠቀም ነበር። መለኪያውን በአጭር ኮርስ ተምረው ወደየቅቤና አይብ ማምረቻው የተመለሱት ሰዎች ይህን ማታለል አስቀሩት። በዴንማርክም ከ1844 ጀምሮ የተከፈቱት የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የገበሬውን ጎልማሳ በክረምቱ ብርድ ወራት ያለ ፈተና ያስተምሩ ነበር። ሁሉም የትምህርቱን ጊዜ የቈረጡት የእርሻውን ወቅት አይተው እንደ ሆነ ልብ ይሏል።

የእኛም ጅምር ከዚህ የራቀ አልነበረም። በ1952 ከኦክላሆማ ኮሌጅ ጋራ በተደረገው ስምምነት የተመሠረተው፣ በኋላም በዓለማያ የተደራጀው የእርሻ ኮሌጅ ማስተማርን፣ ምርምርንና ኤክስቴንሽንን በአንድ እጅ ይዞ ነበር። በ1963 የኤክስቴንሽኑ ሥራ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። ሥራው በመላ አገሪቱ እንዲስፋፋ ይህ ግድ ሳይሆን አይቀርም፤ ነገር ግን አስተማሪውና ገበሬው ከዚያ ወዲህ የሚገናኙት በሌላ ሰው በኩል ሆነ። በ1997 በዚያው ዩኒቨርሲቲ በሥራ ላይ ላሉ የኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የተከፈተው ትምህርት ተማሪውን ወደ ሥራው ቦታ መልሶ ከገበሬው ጋራ ሥራ ስለሚያሠራው የሚመሰገን ነው። ቢሆንም እርሱም የዲግሪ ትምህርት ነው፤ ዲግሪ የማይፈልገውን አያስተናግድም።

ስለዚህ የእርሻ ትምህርት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች ዲግሪ የሌለበት አጭር ትምህርት ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ቢከፍቱ መልካም ነው እላለሁ። በልግ በሚዘራበትና በበጋ መስኖ ስንዴ በሚለማበት አገር ግን እነዚህ ወራት ባዶ አይደሉምና፣ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ወሩን በአካባቢው እርሻ መሠረት መወሰን ይገባዋል። ለመግባት የሚጠየቀውም የፈተና ውጤት መሆን የለበትም፤ የሥራ ዘመን ይበቃል። ማንበብና መጻፍ የሚችል ገበሬም ከባለሙያው ጎን ቢቀመጥ አስተማሪው ራሱ ብዙ ይማራል።

«ዲግሪ የማያስገኝ ትምህርት ማን ይማራል?» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የምስክር ወረቀቱ ለደረጃ ዕድገት ካልተቈጠረ ማንም አይመጣም። ይህን ማስተካከል ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ሳይሆን የሠራተኛ አስተዳደሩ ሥራ ነው። ሴት ገበሬዎችን በሚመለከት ልጅና ቤት ትታ ለሦስት ሳምንት የምትርቅ እናት ጥቂት ናት። ስለ ሆነም ለእነርሱ አስተማሪው ራሱ በቀበሌው ወዳለው የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል ቢሄድ ይሻላል። ማስታወቂያውም ቢዘገይ በኅዳር ቢወጣ፣ አመልካቹ አጭዶና ወቅቶ፣ እህሉን ጎተራ አስገብቶ ለጉዞ ለመዘጋጀት ጊዜ ያገኛል።