ኮምፒዩተሩ ከመገዛቱ በፊት

የትምህርት ሚኒስቴር «ትምህርት ለትውልድ» በሚለው ንቅናቄው ኅብረተሰቡ ትምህርት ቤቶችን እንዲደግፍ ጠይቋል። ሶናፑር ላሉት ለእርስዎም ለቀድሞ ትምህርት ቤትዎ ኮምፒዩተር መግዣ የመዋጮ ጥሪ ቢደርስዎ፣ መስጠቱ መልካም ነው። ነገር ግን አስቀድመው ይጠይቁ።

በ1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ትምህርት በሳተላይት መሰራጨት ጀመረ። መብራት ሲጠፋ ግን ትምህርቱም ይቋረጥ ነበር። መብራት ሲኖርም ስርጭቱ ያልገባውን ተማሪ አይጠብቅም።

እንግዲህ መብራቱ አስተማማኝ ነው? መምህሩ ሠልጥኗል? ዕቃው ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ክፍሉ ለተማሪው ክፍት ይሆናል ወይስ ተቆልፎ ይቀመጣል?

መልስ ካልተገኘ መዋጮው በቅድሚያ ለመብራት፣ ለሥልጠናና ለጥገና ይዋል። በዚህ ሐሩር ላብ የተገኘ ድርሃም አቧራ ለሚጠጣ ማሽን መዋል የለበትም።